ጋሽ ሰይድ የሳይክሌን ድምፅ ያሳደዱበት እሑድ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዋሽ፣ እናቴ ቤት በር ላይ ነው። የዓመት ፈቃዴን ከእናቴ ጋር ላሳልፍ ከምሠራበት ከሰመራ መጥቼ ነበር፤ ሳይክሌንም ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አምጥቻለሁ። በዚያ ሰዓት አዋሽ ላይ ሙቀቱ ሰው ከቤት አያስወጣም። ሰዓቱን የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር፤ ማንም ሳያየኝ ትንሽ ነድቼ ልመለስ ብዬ። ገና ከበራችን ፈቀቅ ሳልል ግን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የግቢያቸውን በር ከፍተው ብቅ አሉ።

«ኧረ በአላህ! ያቺን የምትጮኽ ነገር አንድ በይልኝ! የልጄን ልጅ አሁን ገና ማስተኛቴ ነው።»

ከኋላቸው ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ሽርጣቸውን እያጠበቁ ወጡ። ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳይክሌን አዩ።

«ምን ሆነች?»

«ድምፅ አላት» አልኩ፣ እንደ ልማዴ ለራሴ የምናገር ያህል ቀስ ብዬ።

«ድምፅ አላት ነው የምትልህ!» ብለው እትዬ ዘይነባ ደገሙላቸው።

«ድምፅ? እኔ እዚህ እያለሁ?» አሉ ጋሽ ሰይድ። እንደተሰደበ ሰው ነበር የሆኑት። «አምጫት ወደዚህ!»

ጋሽ ሰይድ አሁን አዋሽ የሉም። መኪና መንዳቱን ትተው ከነባለቤታቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ባቲ ገብተዋል። ይህን የሰማሁት ሰመራ ሆኜ እናቴ ደውላልኝ ነው። «ቤቱን ሌላ ሰው ተከራየው» አለችና ስለ ቲማቲም መወደድ ማውራት ቀጠለች። ከእትዬ ዘይነባ ጋር አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ይሉኛል። ስልኩን ግን አንድም ቀን ለጋሽ ሰይድ ሰጥተውልኝ አያውቁም። ለምን እንደማይሰጡኝ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አልደፍርም።

ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ከባድ መኪና ከነተሳቢው እየነዱ ወደብ ይወርዳሉ፣ ጭነው ወደ መሀል አገር ይወጣሉ። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ መስኮት ላይ ሲያሳርፉት የኖሩት ግራ ክንዳቸው ከቀኙ በጣም የጠቆረ ነው። ሲራመዱ ያገኙትን ሁሉ በጣታቸው አጥንት ያንኳኳሉ። ረዳት በነበሩበት ዘመን በየማቆሚያው ጎማ በብረት እየመቱ፣ አየር የጎደለውን በድምፁ ሲለዩ የያዛቸው አመል ነው። የውሃ በርሜላችንን አንኳኩተው «ግማሽ ነው» ይላሉ። የእናቴን አዲስ የግቢ በር አንኳኩተው «ላሜራው ስስ ነው፣ ሸውደውሻል» ብለዋት ሳምንት ሙሉ አኩርፋቸዋለች። መንገድ ዳር ሀብሀብ ሲከመር መሀሉ ገብተው ይቆሙና እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው እያንኳኩ ይመርጣሉ። ለእኛም አንዱ ይደርሰናል። ሲቆረጥ ውስጡ ደም ይመስል ነበር።

«ድምፅ ቤት አለው» ይሉ ነበር። «ሰው ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። መደንገጥ ምን ይሠራል? ቤቱ ድረስ ሄደሽ ማንኳኳት ነው እንጂ።»

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ሰመራ ስመላለስ እናቴ አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ከምታሳፍረኝ ለጋሽ ሰይድ ትሰጠኝ ነበር። መንገዳቸው ነው። እኔን ሰመራ አውርደው እሳቸው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ዲቾቶ ይቀጥላሉ። ጋቢና ውስጥ ከገባሁ ቃል አይወጣኝም። ሌላ ሰው በዝምታዬ ይጨነቃል፤ «ምነው፣ አመመሽ?» ይለኛል። ጋሽ ሰይድ ግን ደስ ይላቸው ነበር።

«እንዳንቺ ያለ ተሳፋሪ የት ይገኛል? ሌላው ሲለፈልፍ የሞተሩን ድምፅ ያፍንብኛል። አንቺ እኮ ለጋቢና ነው የተፈጠርሽው!»

በሕይወቴ ዝምታዬን እንደ ችሎታ የቆጠረልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ጊዜ ገዋኔን አለፍ እንዳልን ከመንገድ ወጥተው በድንገት ቆሙ። «ሰማሽ?» አሉኝ። ምንም አልሰማሁም። ሞተሩ ያጓራል፣ ነፋሱ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ወርደው ተሳቢው ሥር ገቡና ጠሩኝ። የፍሬን አየር የሚያልፍበት ቱቦ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ እንኳ የሰማሁት የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የሚያህል ነገር ነው። «ይህቺ አየር ቁልቁለት ላይ ብታልቅብን ኖሮ...» አሉ። ነገሩን ሳይጨርሱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ከዚያ እሑድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይነዱት የነበረው መኪና ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልነበራቸውም። በራቸው ላይ ተቀምጠው በአስፋልቱ የሚያልፈውን ተሳቢ በዓይናቸው ይሸኛሉ። እትዬ ዘይነባ ምሳ አቅርበው ሲጠሯቸው እንኳ ቶሎ አይነሡም ነበር።

ሳይክሉን የገዛሁት ሰመራ ላይ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጡን ሽሽት። መጀመሪያ ላይ ተሳክቶልኝ ነበር። ማንም ሳያየኝ ቢሮ እገባለሁ፣ ማንም ሳያየኝ ቤቴ እመለሳለሁ። ከዚያ ሲጥታው መጣ። ፔዳሉ ዞሮ በመጣ ቁጥር ሲጥ ይላል፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ። የሰመራ መንገድ ሰፊ ነው፣ ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ድምፅ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉኝ አንገታቸውን እያወጡ «እህት፣ ውሃ አጠጫት እንጂ፣ ጠምቷት እኮ ነው!» ይሉኛል። ዘይት አጠጣሁት። ሳይክል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጠጋኙ ሲነዳው ዝም ይላል፣ እኔ ስወጣበት ይጮኻል። «እህቴ፣ ይኼ አንቺን ነው የማይወደው» ብሎ መለሰልኝ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጋሽ ሰይድ የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። «ውጪባትና ንጂ» አሉኝ። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው አንድ እጃቸውን መቀመጫው ላይ አድርገው ከጎኔ ይሮጣሉ። መስመር ላይ እንደዚህ ነው የሚደረገው፤ መኪና ድምፅ ሲያወጣ ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ረዳቱ ወርዶ ከጎን እየሄደ ያዳምጣል። ሽርጥ ለብሰው የሚሮጡ ሽማግሌና አንገቷ ትከሻዋ ውስጥ የገባ ልጅ ሲመላለሱ ያየ ጎረቤት ሁሉ ከቀን እንቅልፉ ተነሥቶ በር በር ላይ ወጣ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሙሽራ ሊያደርሱ ነው?» አለ ባለሱቁ ጀማል ከደረጃው ላይ።

ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅ አይተው ጋሽ ሰይድም ሳቁ።

«አሁንስ፣ ሲጥታዋ አለች?» አሉኝ አቁመውኝ።

«አለች።»

ፔዳሎቹን ፈትተው ግራሶ ቀብተው መለሷቸው። «አሁንስ?» «አለች።» ካቴናውን አጠበቁት። «አሁንስ?» መቀመጫውን ነቅለው የሚገባበትን ቧንቧ በጨርቅ ወለወሉት። ጎማውን አንሥተው አሽከረከሩት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፣ የልብ ምት እንደሚፈልግ ሰው። ላባቸው ከግንባራቸው ላይ ፍሬኑ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ቤት እንዲገቡ ብለምናቸው ደስ ባለኝ፤ መለመን ግን አላውቅበትም።

ነገሩን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። እየነዳሁ በፊታቸው ሳልፍ ሳይክሉን አያዩም ነበር። የሚያዩት ፊቴን ነው። ሲጥታው እየጮኸ፣ ጀማል ጆሮውን በሁለት ጣቱ ደፍኖ ፊቱን እያጨማደደ፣ እሳቸው የእኔን «አለች» ይጠብቃሉ።

ያን ጊዜ ሀብሀቡ ትዝ አለኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንኳኩተው መርጠው የሚያመጡልን ሀብሀብ ሲቆረጥ ነጭ ነው። እናቴ «ዘንድሮ ውሃ በዝቶበት ነው» እያለች ስኳር ነስንሳ ታቀርብልናለች። ስልክ ሲደውሉ ደግሞ የሚሉትን ብለው መልስ ሳይጠብቁ ይዘጋሉ፤ እኛ ችኮላቸው ይመስለን ነበር። እትዬ ዘይነባስ ሰው የተናገረውን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረው ጮክ ብለው የሚደግሙት ለምንድን ነው? ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«የመጨረሻ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። በዚህኛው አልሮጡም። የኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ደርሼ ተመለስኩ። ይጮኻል፣ እንዲያውም ብሶበታል። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። «አለች» ማለት ነበረብኝ። እጃቸው በግራሶ ጠቁሮ ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ዝም አልኩ።

ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ሄደች! አላልኩም? ሄደች!» ብለው ከድንጋዩ ተነሡ። «ዘይነባ! ነይ ስሚ! ጆሮዬ እንዳለ ነው!»

ጀማል አፉን ከፈተ፣ ምንም ሳይል መልሶ ዘጋው። እትዬ ዘይነባ በራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ሰይድ ከሸሚዛቸው ኪስ ስልክ አውጥተው ደወሉ። «ሐጂ! ሰይድ ነኝ። መኪናዋን እይዛለሁ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ እዚያው ነኝ፣ ኢንሻአላህ!» ብለው ዘጉ።

ሐጂ የሚሏቸው አንድ የከባድ መኪና ባለቤት ናቸው። ሹፌራቸው ታሞባቸው ጋሽ ሰይድን ጠይቀዋቸው ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ መልስ ሳይሰጡ ሰንብተዋል። ይህን የነገሩኝ እዚያው ቆመን ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። ጆሮ ከሌለ መንገድ አይኬድም። ሰው ይዞ መሞት ነው። ዛሬ አንቺ ፈተንሽኝ፣ አለፍኩ። አላህ ያክብርሽ!»

አመሻሹ ላይ፣ ጋሽ ሰይድ ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ጠብቄ ወደ እትዬ ዘይነባ ገባሁ። የመንገድ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡላቸዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ። ልትነግሪኝ የመጣሽውን አውቄዋለሁ» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«አንድ ትራስ ተጋርተን የምንኖር ሰዎች ነን፣ እንዴት አላውቅ? ስነግረው ‹ድምፅሽን ከፍ አድርጊ› ይለኛል። ከፍ ሳደርግ ‹ለምን ትጮኺብኛለሽ› ብሎ ያኮርፋል።» ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «አንድ ቀን ጨክኜ ‹ሰይዶ፣ ጆሮህ ደክሟል› አልኩት። ‹አንቺ መንገድ ስለምትፈሪ ነው› አለኝ። እውነቱን ነው፣ እፈራለሁ። ስለዚህ የምለውን አያምነኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አንቺን ያምንሻል። ‹ያቺ ልጅ ብዙ አታወራም፣ ስታወራ ግን አትዋሽም› ይላል ሁሌ።» አንድ ሸሚዝ አነሡ፣ አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። «ዛሬስ ምነው ዝም አልሽው?»

አልተቆጡኝም። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛሬ ሲስቅ አላየሁትም» ብቻ አሉ፤ ከዚያ ሸሚዙን ቦርሳው ውስጥ ከተቱት።

ጽፌ ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። ግን ጋሽ ሰይድ ከቦታ ስምና ከታርጋ ያለፈ አያነቡም። ወረቀት ሲደርሳቸው አጠገባቸው ላለ ሰው ይሰጣሉ፣ ያ ሰው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ለሐጂ ልናገር ብዬ አሰብኩ። ከጀርባቸው ሄዶ እንጀራቸውን መቁረጥ ሆነብኝ። ለብቻቸው ቀስ ብዬ ልንገራቸው ብዬም አሰብኩ። ለእሳቸው ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር የለም። ይህ ነገር የሚነገረው በጩኸት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ ልጠብቃቸው ወጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት እያለ ከቧቸው መጡና ተመልሼ ገባሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ወደ አዋሽ አርባ መውጫ ላይ መኪኖች ወደሚያድሩበት ሜዳ በእግሬ ሄድኩ። ሞተሮች እየሞቁ ነበር። ጭሱና ጫጫታው ደረት ይመታል። ሹፌሮች የሻይ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል፤ ከእኔ በቀር ሴት አልነበረም። ጋሽ ሰይድ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ሰይድ» አልኩ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ። «ጆሮዎ አይሰማም። እባክዎን አይሂዱ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አሚን! አሚን! ዱዓሽ ይድረስ የኔ ልጅ!»

«ልጅህ ናት እንዴ ሰይዶ?» ብሎ ጮኸላቸው አጠገባቸው የቆመ ሹፌር።

«የሰፈሬ ልጅ ናት! ልትሸኘኝ መጥታ ነው!»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ለእኔ ጩኸት ነበር፣ ለሞተሩ ግን ምንም አልነበረም። «አሚን!» አሉ አሁንም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና እጃቸውን ማርሹ ላይ አደረጉ።

በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞሬ የተሳፋሪውን በር ከፈትኩ። ወጣሁ። በመሪው ሥር እጄን ሰድጄ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ጠፋ።

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?» አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩና ጮህኩ።

«ጋሽ ሰይድ! ሳይክሏ ዝም አላለችም! ትናንት ስትጮኽ ነበር! ሰው ሁሉ ሰምቷታል፤ ያልሰሟት እርስዎ ብቻ ነዎት! ጆሮዎ አይሰማም!»

ዓይኔን ስገልጥ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። አንዱ ሹፌር ብርጭቆውን ጎማ ሥር አስቀመጠ። አንዱ ሞተሩን አጠፋ፣ ከአጠገቡ ያለውም አጠፋ። «ያ አላህ» የሚል ድምፅ ከታች ሰማሁ።

ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ ወደ ሰዎቹ ተመለከቱ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አዩ። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ተመልሰው እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ከቀኝ ጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ምን አልሽ?» አሉኝ። «አልያዝኩትም። ደግመሽ በይው።»

ዓይናቸውን እያየሁ፣ ከንፈሬን በደንብ እየከፈትኩ፣ ቃል በቃል፣ ከመጀመሪያው አብልጬ ደግሜ ጮህኩ።